ከቴሌቪዥን መስኮት ወደ መጽሐፍ ገጽ፦ የሳይንስ ልቦለድ ድራማዎች የወለዷቸው መድበሎች

በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ ዝናው እየገነነ ሲሄድ በስሙ መጻሕፍት መታተማቸው በአሜሪካና በብሪታንያ የኅትመት ዓለም የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ከእነዚህ መጻሕፍት መካከል ሐያሲያንም ሆኑ አንባቢዎች ተገቢውን ትኩረት ሳይሰጡት የቆዩት የአጫጭር ልቦለድ መድበሉ ነው። መድበል የሚባለው በአንድ ወይም በብዙ ደራሲያን የተጻፉ አጫጭር ልቦለዶች ተመርጠውና ተደራጅተው በአንድ ጥራዝ የሚቀርቡበት መጽሐፍ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚታየው ግን ገጸ ባሕርያቱን፣ መቼቱንና የታሪኩን ዓለም በሙሉ ከአንድ የሳይንስ ልቦለድ ድራማ የተዋሰው ዓይነት ነው። ብዙዎች እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በድራማው ዝና ተጠቅሞ ገበያ ለመሳብ የሚወጣ የንግድ ዕቃ ብቻ አድርገው ይመለከቱታል። የ«ስታር ትሬክ» እና የ«ዶክተር ሁ» መድበሎች ታሪክ ሲመረመር ግን የሚገኘው እውነት ሌላ ነው፤ እነዚህ መጻሕፍት ድራማው ከቴሌቪዥን በጠፋበት ዘመን ታሪኩን በሕይወት አቆይተዋል፣ ተመልካቹን ወደ ደራሲነት አሸጋግረዋል፣ በመጨረሻም ለቴሌቪዥኑ ራሱ አዳዲስ ሐሳቦችን አቀብለዋል።

የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ከቀደምት ምሳሌዎቹ አንዱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው)። ሮድ ሰርሊንግ በሲቢኤስ ጣቢያ ከ1959 እስከ 1964 ይተላለፍ የነበረው «ዘ ትዋይላይት ዞን» የተባለው ድራማ ፈጣሪና ዋና ጸሐፊ ሲሆን፣ ለስርጭት የጻፋቸውን የተወሰኑ ታሪኮች ራሱ ወደ አጭር ልቦለድነት ለውጦ በመጽሐፍ አሳተመ። ይህ ድራማ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ታሪክና የራሱ ገጸ ባሕርያት ያሉት በመሆኑ ወደ አጭር ልቦለድ ለመለወጥ አላስቸገረም፤ መጽሐፉ አንባቢ አግኝቶ በ1961 እና በ1962 ሁለት ተከታዮች ወጡለት።

ከዚያ የሰፋው ሥራ የጄምስ ብሊሽ ነው። ብሊሽ በሳይንስ ልቦለድ ዘርፍ የታወቀውን የሁጎ ሽልማት ያገኘ፣ በራሱ ስም የተከበረ ደራሲ ሲሆን፣ በጂን ሮደንቤሪ የተፈጠረው «ስታር ትሬክ» በመስከረም 1966 መተላለፍ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ባንታም የተባለው አሳታሚ የድራማውን ክፍሎች ወደ አጭር ልቦለድ እንዲለውጥ ሥራውን ሰጠው። የመጀመሪያው ቅጽ በ1967 ወጣ። ብሊሽ ይሠራ የነበረው የተቀረጸውን ድራማ እያየ ሳይሆን ከተላከለት የጽሑፍ ቅጂ በመነሣት ስለነበር፣ በገጹ ላይ ያለው ታሪክ በቴሌቪዥን ከታየው አልፎ አልፎ ይለያል፤ በቀረጻ ጊዜ የተሠረዘ ንግግር ወይም የተቀየረ ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ ቀርቶ ይገኛል። ሥራው 12 ቅጾች ደርሶ የተጠናቀቀው በ1977 ሲሆን፣ ብሊሽ በ1975 በማረፉ የመጨረሻውን ቅጽ ከፍጻሜ ያደረሰችው ባለቤቱ ጄ. ኤ. ሎውረንስ ናት።

ያ ትውልድ እነዚህን መጻሕፍት ለምን እንደወደዳቸው ለመረዳት የዘመኑን ቴክኖሎጂ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ ተራ ቤተሰብ የቪዲዮ መቅረጫ አልነበረውም፤ አንድ ክፍል በተላለፈበት ሰዓት ያመለጠው ሰው ጣቢያው ደግሞ እስኪያሳየው ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። በብሪታንያ ደግሞ ነገሩ ይብስ ነበር፤ ቢቢሲ የቴፕ ወጪ ለመቀነስና የማከማቻ ቦታ ለመቆጠብ ሲል የብዙ ድራማዎቹን ቅጂ ያጠፋ ስለነበር ከ«ዶክተር ሁ» የ1960ዎቹ ክፍሎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ምስላቸው እስከ ዛሬ ጠፍቶ ቀርቷል። በዚህ ሁኔታ መጽሐፉ የድራማው ማስታወሻ፣ ምስክርና ማኅደር ሆኖ አገልግሏል።

እነዚህ ቀደምት መድበሎች ግን በቴሌቪዥን የታየውን መልሰው የሚተርኩ ነበሩ። አዲስ ታሪክ የፈጠሩት ተመልካቾች ናቸው። «ስታር ትሬክ» ገና በመተላለፍ ላይ ሳለ፣ በ1967፣ «ስፖካናሊያ» የተባለ የአድናቂዎች መጽሔት በአሜሪካ ታተመ። የአድናቂዎች መጽሔት የሚባለው የአንድ ሥራ ወዳጆች ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅራቸው ሲሉ በራሳቸው ገንዘብ እያባዙ በፖስታ የሚለዋወጡት ሕትመት ነው። ድራማው በ1969 ከ79 ክፍሎች በኋላ ሲቋረጥ እነዚህ መጽሔቶች ከመጥፋት ይልቅ በረከቱ፤ በውስጣቸውም የድራማውን ዋና ገጸ ባሕርያት፣ የካፒቴን ከርክን፣ የስፖክንና የዶክተር ማኮይን፣ የጠፈር ጉዞ የሚቀጥሉ አጫጭር ልቦለዶች ይወጡ ጀመር። ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ይህም የሳይንስ ልቦለድ የወንዶች ሜዳ ተደርጎ ይታይ በነበረበት ዘመን ልዩ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው።

ሶንድራ ማርሻክና ሚርና ካልብሪዝ የተባሉ ሁለት አርታኢዎች ከእነዚህ ታሪኮች መርጠው በ1976 «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኒው ቮየጅስ» የተባለውን መድበል በባንታም በኩል ሲያሳትሙ፣ በስቴንስል ሲባዛ የኖረው ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በየመጻሕፍት መደብሩ ተደረደረ። ፈጣሪው ሮደንቤሪ ራሱ መቅድም ጻፈለት፤ የድራማው ተዋንያንም ለየታሪኮቹ መግቢያ አበረከቱ። በመድበሉ ውስጥ የሩት በርማን ታሪክ ለአብነት ሊጠቀስ ይችላል፤ በዚህ ታሪክ ከርክን፣ ስፖክንና ማኮይን የሚጫወቱት ተዋንያን በአጋጣሚ ከቀረጻ ስቱዲዮው ተነጥቀው ገጸ ባሕርያቱ በሚጓዙባት እውነተኛ የጠፈር መርከብ ውስጥ ራሳቸውን ያገኙታል፣ ሲጫወቱት የኖሩትን ሥልጣንና ዕውቀትም በእውነተኛ አደጋ ፊት እንዲያሳዩ ይገደዳሉ። በቴሌቪዥን ሊቀርብ የማይታሰበው ይህ ዓይነቱ ታሪክ ለአድናቂ ደራሲ ክፍት የነበረውን ነጻነት በግልጽ ያሳያል። ሁለተኛው ቅጽ በ1978 ተከተለ።

የመድበሉ ጥበብ ከሁሉ በላይ ያደገው ግን በብሪታንያው «ዶክተር ሁ» ዙሪያ ነው፤ ለዚህም ምክንያቱ የድራማው አወቃቀር ነው። በኅዳር 23 ቀን 1963 በቢቢሲ የጀመረው ይህ ድራማ «ዶክተር» ተብሎ ብቻ ስለሚጠራ ከሌላ ፕላኔት የመጣ መንገደኛ የሚተርክ ነው። ዶክተሩ የሚጓዘው ታርዲስ በተባለች፣ ከውጭ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን በምትመስል፣ ከውስጥ ግን እጅግ ሰፊ በሆነች መሣሪያ ሲሆን፣ መሣሪያዋ ወደ ማንኛውም ዘመንና ሥፍራ ልትወስደው ትችላለች። ሊሞት ሲቃረብ ደግሞ አካሉ ታድሶ መልኩም ጠባዩም የተለየ ሌላ ሰው ይሆናል፤ በ1966 ዊልያም ሃርትኔል ሲለቅ ፓትሪክ ትራውተን የተተካው በዚህ መንገድ ነበር። መቼቱ ገደብ የሌለው፣ ዋና ገጸ ባሕርዩም ብዙ መልክ ያለው እንዲህ ያለ ድራማ ለአጭር ልቦለድ የተመቸ ነው፤ እያንዳንዱ ደራሲ አንዱን ዶክተር፣ አንዱን ዘመንና አንዱን ሥፍራ መርጦ ራሱን የቻለ ታሪክ ሊጽፍ ይችላል፣ መድበሉም ልዩነቶቹን ሁሉ በአንድ ገጸ ባሕርይ ማንነት ያስተሳስራቸዋል።

ቢቢሲ ድራማውን በታኅሣሥ 1989 ሲያቋርጥ ታሪኩን የመቀጠሉ ኃላፊነት በመጻሕፍት ላይ ወደቀ። ቨርጂን የተባለው አሳታሚ ከ1991 ጀምሮ አዳዲስ ረጃጅም ልቦለዶችን ማውጣት ጀመረ፤ ከዚህ በፊት አንድም መጽሐፍ ላላሳተሙ ጸሐፊዎችም በሩን ክፍት አደረገ። ይኸው አሳታሚ በ1994 በማርክ ስታመርስና በስቲቨን ጄምስ ዎከር አርታኢነት «ዲካሎግ» የተባለውን መድበል አወጣ። መጽሐፉ አሥር ታሪኮችን ዝም ብሎ የደረደረ አልነበረም፤ አንድ ማቀፊያ ታሪክ ነበረው። ማቀፊያ ታሪክ ማለት ሌሎች ታሪኮችን በውስጡ ይዞ ለሁሉም የጋራ ምክንያት የሚሰጥ ትረካ ነው። በዚህ መጽሐፍ ማንነቱን የዘነጋ አንድ ሰው የግል መርማሪ ዘንድ ይመጣል፤ ዕቃን በመዳሰስ ያለፈውን የማየት ኃይል ያለው ሌላ ሰው ከእንግዳው ኪስ የወጡትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ሲዳስስ ከእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ታሪክ ይወጣል፣ አንባቢውም ከታሪክ ወደ ታሪክ ሲሻገር የዶክተሩን ያለፈ ሕይወት በቁራጭ በቁራጭ ይገጣጥማል።

በ1996 በወጣው ሦስተኛው «ዲካሎግ» ውስጥ የሚገኘው የስቲቨን ሞፋት «ኮንቲኒዩቲ ኤረርስ» ደግሞ የአጭር ልቦለድን ልዩ ኃይል በሚገባ ያሳያል። ዶክተሩ ብዙ ሕይወት የሚያድን መረጃ የያዘ አንድ መጽሐፍ ፈልጎ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይመጣል፤ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ግን ሕጉን ጠቅሳ ትከለክለዋለች። እርሱም በኃይል ከመንጠቅ ይልቅ በጊዜ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሴትዮዋን ያለፈ ሕይወት ትንሽ በትንሹ ይለውጠዋል፤ ኀዘኗን ያቀልላል፣ ምሬቷን ያለሰልሳል፣ መጽሐፉን ለማዋስ የምትፈቅድ ሰው እስክትሆን ድረስም ይህን ይደጋግማል። ታሪኩ ከእርሷ አንጻር ስለሚተረክ ትዝታዋ በአንባቢው ዓይን ፊት ይቀያየራል፤ ቀደም ሲል እርግጠኛ ሆና የተናገረችው ነገር ጥቂት ገጾች ቆይቶ እንዳልነበረ ይሆናል፣ እርሷ ግን ለውጡን አታውቀውም። በዚህም ላይ ደራሲው የሰውን ያለፈ ሕይወት ያለ ፈቃዱ መለወጥ፣ ለበጎ ዓላማም ቢሆን፣ ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ያነሣል። ካሜራ የገጸ ባሕርይን ፊት ሊያሳይ ይችላል፤ ትዝታ ከውስጥ ሲቀያየር የሚያሳየው ግን እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው።

የቨርጂን ፈቃድ በ1997 ሲያበቃ ቢቢሲ ራሱ ከ1998 እስከ 2000 «ሾርት ትሪፕስ» በሚል ስም ሦስት መድበሎችን አሳተመ። ቀጥሎም በድምፅ ድራማ የሚታወቀው ቢግ ፊኒሽ ይህንኑ ስም ወስዶ ከ2002 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት 30 የሚጠጉ ጥራዞችን አወጣ፤ በዚህም መድበሉ ራሱ ቋሚ ተከታታይ ሕትመት ሆነ። እያንዳንዱ ጥራዝ አንድ የጋራ ጭብጥ ነበረው። የመጀመሪያው በ12ቱ የዞዲያክ ከዋክብት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ሌሎቹ ስለ ሰባቱ አበይት ኃጢአቶች፣ ስለ ገና በዓል፣ ስለ ፀሐይ ሥርዓት ፕላኔቶች፣ ስለ ስንብት፣ ስለ ፕራግ ከተማ የወደፊት ዘመናት ይተርካሉ። ከእነዚህ መካከል በ2006 የወጣው «ዘ ሴንቲናሪያን» በአደረጃጀቱ ልዩ ነው። የመጽሐፉ ማዕከል ዶክተሩ ሳይሆን ኤድዋርድ ግሬንጀር የተባለ ተራ እንግሊዛዊ ነው፤ በብዙ ደራሲያን የተጻፉት ታሪኮች ይህን ሰው ከልደቱ እስከ ሽምግልናው ሲከተሉ የመቶ ዓመት የሰው ሕይወት ይሞላል፣ በየዕድሜው ደግሞ የተለያየ መልክ ያለው ዶክተር ያገኘዋል። ሰውየው በተራ ጊዜ ሕግ ሲያረጅ ዶክተሩ ከጊዜ ውጭ ሆኖ ሲመጣና ሲሄድ፣ ሁለቱ የጊዜ ዓይነቶች አንዱ ከሌላው ጋር ይነጻጸራሉ።

ከ«ስታር ትሬክ» በኩል ለዚህ አቻ የሚሆነው በ1999 በማርኮ ፓልሚየሪ አርታኢነት የታተመው «ዘ ላይቭስ ኦፍ ዳክስ» ነው። ዳክስ «ዲፕ ስፔስ ናይን» በተባለው ሌላ የ«ስታር ትሬክ» ድራማ ውስጥ ያለ ፍጡር ሲሆን፣ በሰው መሰል አካል ውስጥ ገብቶ የሚኖር፣ አስተናጋጁ ሲሞት የቀደሙትን ሁሉ ትዝታ ይዞ ወደ ሌላ አስተናጋጅ የሚተላለፍ ነው። ድራማው ከዘጠኙ የዳክስ አስተናጋጆች በስፋት ያሳየው ጥቂቶቹን ነበር። መድበሉ ግን ለየአስተናጋጁ የራሱን ታሪክና የራሱን ደራሲ መደበለት፤ ስለዚህ የአጻጻፍ ድምፅ ከታሪክ ወደ ታሪክ መቀየሩ የመጽሐፉ እንከን ሳይሆን ትርጉሙ ሆነ፣ አንባቢውም አንድ ሕይወት በብዙ ማንነት ውስጥ ሲያልፍ በደራሲያኑ ልዩነት አማካይነት ይረዳዋል።

እንዲህ ያለ መድበል የሚዘጋጅበት ሥርዓት ከተራ መድበል ይለያል። የድራማው ዓለም ባለቤት የሆነው ድርጅት የቅጂ መብት ስላለው አሳታሚው ፈቃድ መግዛት፣ ደራሲውም ታሪኩን በአጭሩ አስቀድሞ ማቅረብና ይሁንታ ማግኘት ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ ቀኖና የሚባለው ነገር አለ፤ ቃሉ በቤተ ክርስቲያን የጸደቁ መጻሕፍትን እንደሚያመለክት ሁሉ፣ በድራማ ዓለም ውስጥ ደግሞ እውነተኛ ታሪክ ተደርጎ የተቆጠረውን ክፍል ያመለክታል። በቴሌቪዥን በሕይወት የሚታየውን ገጸ ባሕርይ መድበል ውስጥ መግደል አይቻልም፤ የተነገረን የሚቃረን ነገር መጻፍም አይፈቀድም። ይህ ገደብ ደካማውን ደራሲ ያስረዋል፤ ብርቱውን ግን ድራማው ችላ ብሎ ወዳለፈው ጥግ ይመራዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የታየች ሴት ከዚያ በኋላ ምን ደረሰባት? ጀግናው ከተማዋን አድኖ ሲሄድ በፍርስራሹ ውስጥ የቀሩት ሰዎች እንዴት ኖሩ? ምርጦቹ ታሪኮች የሚፈልቁት ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

መድበሎቹ ለደራሲነት ያበረከቱት አስተዋጽኦ ደግሞ በስም ሊጠራ የሚችል ነው። ፖኬት ቡክስ የተባለው አሜሪካዊ አሳታሚ በ1998 «ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ» የተባለውን የ«ስታር ትሬክ» መድበል ሲጀምር ሙያተኛ ላልሆኑ ጸሐፊዎች ብቻ ክፍት የሆነ ውድድር አዘጋጀ፤ በዲን ዌስሊ ስሚዝ አርታኢነትም እስከ 2007 ድረስ አሥር ቅጾች ወጡ፣ በ2016 ደግሞ የድራማውን 50ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ አንድ ተጨማሪ ቅጽ ታተመ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅጾች ታሪኮቹ የተመረጡለት ዴይተን ዎርድ በ2002 የመጀመሪያውን የ«ስታር ትሬክ» ረጅም ልቦለዱን ያሳተመ ሲሆን ከዚያ ወዲህ በዚህ ዘርፍ ታዋቂ ደራሲ ሆኗል፤ በሁለተኛው ቅጽ ከፍተኛውን ሽልማት ያገኘችው ኢልሳ ቢክ ለወጣቶች በምትጽፋቸው ልቦለዶች ታውቃለች። ቢግ ፊኒሽም በ2008 ያወጣውን አንድ ጥራዝ በውድድር ላሸነፉ አዳዲስ ጸሐፊዎች ሙሉ በሙሉ ለቅቆላቸዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ከገጽ ወደ ቴሌቪዥን የተደረገው የመልስ ጉዞ የዚህን ዘርፍ ክብር ያረጋግጣል። «ዶክተር ሁ» በመጋቢት 2005 ወደ ቴሌቪዥን ሲመለስ ሞፋት በዚያው ዓመት ለወጣ የድራማው ዓመታዊ መጽሐፍ አንድ አጭር ልቦለድ ጻፈ። ተራኪዋ ሳሊ ስፓሮው የተባለች የ12 ዓመት ልጅ ስትሆን፣ ታሪኩ የገና ዕረፍቷን እንዴት እንዳሳለፈች የምትገልጽበት የትምህርት ቤት ድርሰት ሆኖ ቀርቧል። ልጅቷ በግድግዳ ወረቀት ሥር ለእርሷ በስሟ የተጻፈ መልእክት ታገኛለች፤ ጸሐፊው ከሃያ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ያለ መጓጓዣው የቀረው ዶክተር ነው፣ እርሱን የመርዳቱም ሥራ በእርሷ ላይ ይወድቃል። በሰኔ 2007 የተላለፈው «ብሊንክ» የተባለው ክፍል የተሠራው ከዚህ ታሪክ ነው፤ ሳሊ በኬሪ መሊጋን የተተወነች ወጣት ሴት ሆነች፣ ሲያዩአቸው ድንጋይ የሚሆኑ፣ ዓይን ሲነቀልባቸው ግን የሚንቀሳቀሱ አስፈሪ የመላእክት ሐውልቶችም ተጨመሩ። በግድግዳ ወረቀቱ ሥር ያለው መልእክትና ዶክተሩ ከትዕይንቱ አብዛኛውን ጊዜ ርቆ በሌላ ዘመን መገኘቱ ግን ከአጭር ልቦለዱ በቀጥታ የተወሰዱ ናቸው። ክፍሉ በ2008 የሁጎ ሽልማት አገኘ፤ ሞፋትም ከ2010 እስከ 2017 የድራማው ዋና ጸሐፊና ኃላፊ ሆነ። በኃላፊነቱ የመጀመሪያ ዓመት ያቀረበው የገና ልዩ ዝግጅት ዶክተሩ የአንድ ጨካኝ ሰው ልብ እንዲራራ ያለፈ ሕይወቱን ሲለውጥ የሚያሳይ ሲሆን፣ ይህ ሐሳብ ከ14 ዓመት በፊት በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ታሪክ ውስጥ ተሞክሮ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ዘርፉ ጉድለት የለውም ማለት አይቻልም። በአንድ ጥራዝ ውስጥ የሚገኙ ታሪኮች በጥራት እኩል አይደሉም፤ አንዳንዶቹም የድራማውን ዝርዝር ለሚያውቅ ሰው ብቻ የተጻፉ በመሆናቸው አዲስ አንባቢን ያገልላሉ። ደራሲው የፈጠረውን ዓለም በሙሉ የእኔ ነው ለማለት መብት የለውም። ፈቃዱ ሲያበቃም መጽሐፉ እንደገና የመታተም ዕድሉ ይጠብባል፤ የቢግ ፊኒሽ ጥራዞች ከ2009 በኋላ ከገበያ ወጥተው ዛሬ በአብዛኛው የሚገኙት በአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ዘንድ ነው። በተቃራኒው በ2013 የ«ዶክተር ሁ»ን 50ኛ ዓመት ለማክበር ፓፊን የተባለው አሳታሚ ባወጣው የአሥራ አንድ ታሪኮች ስብስብ ውስጥ እንደ ማሎሪ ብላክማንና ኒል ጌይመን ያሉ ዝነኛ ደራሲያን መሳተፋቸው፣ የተቋቋመ ስም ያላቸው ጸሐፊዎችም ወደዚህ ሜዳ ለመግባት እንደማያፍሩ አሳይቷል።

ስለዚህ ሐያሲም ሆነ አንባቢ እነዚህን መድበሎች በሽፋናቸው ላይ በተጻፈው የድራማ ስም ብቻ መመዘን አይገባውም። መመዘን ያለባቸው ማንኛውም አጭር ልቦለድ በሚመዘንበት ሚዛን፣ ማለትም በጭብጣቸው ጥልቀት፣ በገጸ ባሕርያታቸው ሕያውነትና በአተራረካቸው ብቃት ነው፤ በዚህ ሚዛን ሲመዘኑም ከመካከላቸው ምርጦቹ ከማንኛውም ሌላ አጭር ልቦለድ ጎን መቆም ይችላሉ። የሚወደው ድራማ ያበቃበት ተመልካች ታሪኩን በራሱ ብዕር ለመቀጠል ሲነሣ የሚያደርገው ነገር ከንቱ አይደለም፤ የሥነ ጽሑፍ መጀመሪያ ነው፣ እንዲህ ያለውን ጀማሪ የሚያበረታታ አርታኢና አሳታሚም የነገውን ደራሲ ያተርፋል።